ኤኮ ጨምርልኝ

ስለ ድምፄ ክፉ የተናገረ ሰው የለም። ምስጋና ከአፋቸው የማይወጣው አባቴ እንኳ አንድ ቀን እንግዳ ፊት «ድምፅስ ሰጥቶታል፤ ጆሮ ነው የነሳው» ብለዋል። እኔ ታዲያ የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ይዤ አደግሁ። ሁለተኛዋን አለመስማቴ ራሱ አባቴን ትክክል እንደሚያደርጋቸው የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ ለዚያውም በሰዓት እየከፈልኩ።

በዚያች ግማሽ ምስጋና ከአዲስ አበባ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ሰርግ አሙቄባታለሁ። ሙሽራ አስለቅሻለሁ፣ ሚዜ አስጨፍሬአለሁ፣ ግንባሬ ላይ ዶላር ተለጥፎልኛል። ሰው በዚህ ረክቶ ቢኖር ምን ነበረበት? እኔ ግን ጸጉሬ ሲሸብት ጊዜ፣ አሜሪካኖቹ ስታንዳርድ የሚሏቸውን የድሮ የጃዝ ዘፈኖች ከፒያኖ፣ ከደብል ቤዝና ከድራም ጋር ብቻ ሆኜ ካልቀረጽኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ዋሽንግተን የሚኖር ሐበሻ ጃዝን የሰፈሩ ጉዳይ አድርጎ ማየት ይቀናዋል። ዛሬ ክትፎ የምንበላበት የዩ ስትሪት አካባቢ በዘመኑ «የጥቁሮች ብሮድዌይ» ይባል ነበር። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1899 የተወለደው በዚሁ ከተማ ነው። ፒያኖዋን ራሷ እየተጫወተች ትዘፍን የነበረችው ሸርሊ ሆርንም በ1934 እዚሁ ተወልዳለች። እኔ በዚያ ሰፈር ስበላና ስጠጣ ስለኖርኩ፣ ጃዙም ከክትፎው ጋር አብሮ የገባልኝ መሰለኝ።

ዝግጅቴን በኮፍያ ጀመርኩ። ዘፋኙ ሲናትራ ያደርጋት የነበረችው ዓይነት፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል የምትል። ከኮፍያው ቀጥሎ ሱፍ፣ ከሱፉ ቀጥሎ ፎቶግራፍ አንሺ። የአልበሙ የሽፋን ፎቶ ከአልበሙ በፊት ተነሣ። ፎቶው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማይክ ጨብጬ፣ ጥልቅ ሐዘን የገባኝ መስያለሁ። ዓይኔን የጨፈንኩት መብራቱ ስለወጋኝ ነው። በዚያን ጊዜ ከመረጥኳቸው ዘፈኖች መሀል እስከ መጨረሻው በቃሌ የማውቀው አንድም አልነበረም። ርዕሳቸውን ግን ጥርት አድርጌ አጥንቻለሁ፤ ሰው «ምን ምን ልትዘፍን ነው?» ሲለኝ እንዳልንተባተብ።

ጊዜ አጣሁ እንዳልል ጊዜ ሞልቶኝ ነበር። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ እስኪደርስ ሰዓታት ይጠበቃል። የዋሊያስ ባንዱ ጋሽ ኃይሉ መርጊያም እዚያው ደለስ ታክሲ ይዘው ተሳፋሪ ሲጠብቁ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን ከፖርታባጋሊዮ አውጥተው የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይለማመዱ እንደነበር ጋዜጦች ጽፈዋል። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ ቤዚስትና ከአንድ ድራመር ጋር ሆነው «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም አወጡ። እኔስ በዚያው ወረፋ ምን ሠራሁ? ፖለቲካ ተከራከርኩ፣ ካርታ ተጫወትኩ፣ ተኛሁ። ኪቦርድ ስላልነበረኝ እንዳይመስላችሁ። ነበረኝ፤ ፖርታባጋሊዮ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር።

ስቱዲዮ ገብቼ ማይኩ ፊት ስቆም ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ኤኮ ጨምርልኝ» ነበር። የሰርግ ቤት አመሌ ነው። ሳውንድ ማኑ «ቼክ፣ ቼክ» ብሎ ሳይጨርስ እኔ «ኤኮ» እላለሁ። ኤኮ የገባበት ድምፅ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ አይታወቅም። ዘግይተህ ብትገባ እንኳ የቀድሞው ቃልህ ገና አዳራሹ ውስጥ እየዞረ ስለሆነ ያልዘገየህ ትመስላለህ። ትንሽ ብትወርድም ጭጋጉ ይሸፍንሃል። ቀራጩ ልጅ በትሕትና «እሱን መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን፤ አሁን አንተን ልስማህ» አለኝና ሄድፎኑን ከፈተልኝ። «ይሄ ማነው?» ብዬ ዞር አልኩ። ምራቁን ሲውጥ የሚሰማ፣ ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት ማዳበሪያ ሊሸከም እንደተዘጋጀ ሰው አየር የሚስብ አንድ ሽማግሌ ነበር።

የባሰው ደግሞ አራታችንም አንድ ክፍል ውስጥ መሆናችን ነው። እኔ በመስታወት የተከለለች የራሴ ክፍል ትሰጠኛለች ብዬ ነበር። ፒያኒስቱ ግን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ፣ «ካልተያየን አይሆንም» አሉ። አንድ ክፍል ሲሆን የዘፋኙ ድምፅ በራሱ ማይክ ብቻ አይቀርም። ፒያኖው ላይ የተደቀኑት ማይኮች ውስጥ ይገባል፣ በቤዙም በኩል ይገባል፣ ከድራሙ በላይ በተሰቀሉትም ይገባል። እኔ ደግሞ ተስፋዬን ሁሉ የጣልኩት ድምፅ በሚያቃናው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ነበር። ቀራጩ ረጋ ብሎ አስረዳኝ፤ በኔ ማይክ የገባውን ብናቃናው፣ የተጣመመው ኦሪጅናል ፒያኖው ማይክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ያኔ አንድ የተቃና እኔና አንድ ራሴ እኔ አብረን ልንሰማ ነው። ላብ አጠመቀኝ።

«በምን ኪ?» አሉኝ ሽማግሌው ፒያኒስት፤ ዘፈኑ ከየትኛው ድምፅ ይነሣ ማለታቸው ነው። በሕይወቴ ተጠይቄው አላውቅም። ሰርግ ላይ እኔ ዝም ብዬ እጀምራለሁ፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ እየተጫነ ያለሁበት ድረስ ይመጣል። «በተለመደው» አልኩ፣ የማውቅ መስዬ። የተለመደው ለኔ ከፍ ይላል። ዝቅ ይደረግልኝ ማለት ደግሞ አልሆንልህ አለኝ፤ «ድምፁ አረጀ» እባላለሁ ብዬ። ጉሮሮዬን ስገትር፣ ደም ሥሬ ሲወጣ፣ ድራመሩ አንገቱን ደፍቶ ሲታገሰኝ ቆየንና ድንገት ነገሩ ቀለለኝ። ጉሮሮዬ ተከፈተ! ለቤዚስቷ «አሁን ገና ሞቅ አልኩ» አልኳት። ፈገግ አለች። ማታ ላይ ነው ከቀራጩ የሰማሁት፤ ሽማግሌው ምንም ሳይሉኝ ሁለት ቶን አውርደውታል። ሁለት ቶን ማለት ፎቅ ሲወርዱ አለማወቅ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ሲወርዱ እኔ ብቻ አላወቅሁም።

ጣቴንም ላንሣ። ጃዝ ላይ ጣት የሚጮኸው፣ እግርም የሚመታው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ነው። የድራሙ ሃይ ሃትም «ጭ» የሚለው እዚያው ላይ ነው። እኔ በአንደኛውና በሦስተኛው አጮኻለሁ። ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ከኔ ጋር ስለሚያጨበጭብ ትክክለኛው እኔ ነኝ ብዬ ኖሬአለሁ። ማይኩ ጣቴን ጥርት አድርጎ ቀዳው፤ አንድ ዘፈን ሙሉ ከድራሙ ጋር ይጣላል። ቀራጩ እጄን ኪሴ እንድከት ለመነኝ። ከተትኩ። ያኔ ደግሞ ጫማዬ ጀመረ።

እዚህ ላይ ለራሴ ትንሽ ጥብቅና ልቁም። እኛ በትዝታም ሆነ በባቲ ስንዘፍን ቅኝቱ አንዴ ከተያዘ መሬቱ አይነቃነቅም፤ የሚዞረውና የሚያንቆረቁረው ዘፋኙ ነው። ስታንዳርድ ላይ ግን መሬቱ ራሱ ይሄዳል። በ1930 የተሠራው «ቦዲ ኤንድ ሶል» መካከሉ ላይ ሲደርስ ከዲ ፍላት ተነሥቶ ግማሽ ቶን ብቻ ወደ ዲ ይወጣል፤ ትልቅ ዝላይ ቢሆን እንኳ ሰው ይነቃ ነበር። ጄሮም ከርን በ1939 የሠራው «ኦል ዘ ቲንግስ ዩ አር» ደግሞ በ36 ባር ውስጥ አምስት ኪ ያዳርሳል። እኔ በመጀመሪያው ቀረሁ። ሦስቱ ተያይዘው ሄዱ። አገሩን ዞረው እስኪመለሱ እዚያው ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ ሲመጡም «የት ከርማችሁ ነው?» በሚል ዓይን ተቀበልኳቸው። ጥብቅናዬ ግን ሩቅ አይወስድም። ሙላቱ አስታጥቄ የኛን ቅኝትና የነሱን ኮርድ ካስታረቀ ስንት ዘመኑ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ቅኝቱ ላይ ማላከክ አልችልም።

አሁን ወደ ቤዙ ልምጣ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሌሎቹ ሦስቱ ይናገሩታል።

የጃዝ ትሪዮ አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘፋኙ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘፍንና ዝም ይላል። ከዚያ ፒያኖው በዚያው ኮርድ ላይ የራሱን ይፈጥራል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ዙር፣ 32 ባር። ቀጥሎ ቤዙ። አንዳንዴ ከድራሙ ጋር አራት አራት ባር ይቀባበላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዘፋኙ የሚመለሰው። ዝም ባለበት ጊዜ ሁሉ ግን ዘፈኑ በውስጡ መቀጠል አለበት፤ የት እንደደረሱ እየሰማ፣ ቢያቅተው በጣቱ እየቆጠረ። እኔ ዝም ስል ሥራዬን የጨረስኩ ይመስለኛል። ፒያኖው ሶሎ ሲጀምር ስልኬን አየሁ፤ ካሮት ገዝቼ እንድገባ ከቤት መልእክት መጥቶ ነበር። «እሺ» ብዬ መለስኩ። ከዚያ ምን ዓይነት ካሮት የሚል ሐሳብ ያዘኝ።

ቀና ስል ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ፒያኖው የለም። ድራመሩ በብሩሽ ቆዳውን እየዳበሰ ነው፣ የሚሰማም የማይሰማም። ሽማግሌው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል። ወይ ጉዴ፣ እኔን እየጠበቁ ነው! አልኩ። በሙሉ ድምፄ፣ በሰርግ ድምፄ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ ገባሁ።

ቤዚስቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ግራ እጇን የቤዙ አንገት ታች ድረስ አውርዳ፣ ቀጭኑ ክር ላይ የሆነ ለስላሳ ነገር እየተናገረች ነበር ለካ። አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች። ጣቷ ግን አልቆመም። ያን ቅጽበት መቼም አልረሳውም፤ ንዴት አልነበረበትም፣ ከንዴት የከፋ መገረም ነበረበት። ሽማግሌው ከጭናቸው እጃቸውን አንሥተው እኔ ወዳለሁበት ሮጡ፤ ከቤዙ መሀል ዘፈኑን ቆርጠው ለኔ ሜዳ ሠሩልኝ፣ ድራመሩም ደረሰ። እኔ ይሄን ሁሉ ሩጫ ሳይ የጠፉት እነሱ መሰሉኝ። ስለዚህ ላግዛቸው ብዬ በእጄ ምልክት መስጠት ጀመርኩ። ዘፈኑ እንደምንም አለቀ። ዝምታው ሲረዝም ጊዜ ወደ ሦስቱም ዞሬ «ምንም አይደል፣ ያጋጥማል» አልኳቸው።

ቀራጩ ከመስታወቱ ወዲያ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ በዘፈኑ ተነክቶ ነው ብዬ ነበር።

ሽማግሌው ቡና አስቀዱና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ወንድሜ፣ ድምፅህ ጥሩ ነው» አሉ። ደስ አለኝ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። እኛ ስንጫወት አንተ የት ነው የምትሄደው?» ጨዋታ ቀየርኩ። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ እንደሸለሙት፣ ከሙላቱ ጋር እንደተገናኘ፣ አገሬ ጃዝን ምን ያህል እንደምታከብር፣ ቦሌ ድረስ ሄጄ የተቀበልኩት እስክመስል ተረክሁላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲያበቃ «አንተ ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?» አሉ። ጡት አልጣልኩም ነበር። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለኔ ነው፤ ያውም የኤሊንግተን አገር።

ቃል ስለመርሳቴ ግን ከሁሉም የተሻለ መከላከያ ነበረኝ። ኤላ ፊትዝጀራልድ በ1960 በርሊን ላይ «ማክ ዘ ናይፍ»ን ስትዘፍን ቃሉ ጠፋባት፤ ከራሷ እየፈጠረች፣ መርሳቷንም ጭምር እየዘፈነች ጨረሰችውና ግራሚ ሸለሟት። ሣራ ቮን በ1958 ቺካጎ ለንደን ሐውስ ውስጥ ስትቀዳ ፓርተኖን የምትለው ቃል ጋ እየተደናቀፈች ዘፈኑን እንደገና ጀመረች፤ ስህተቱ እንዳለ ሸክላው ላይ ቀርቷል። እነዚህን ታሪኮች ያነበብኩት ቃል ማጥናት በነበረብኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ስንኝ ሲጠፋብኝ አልደነገጥኩም፤ ታሪክ ልሠራ ነው አልኩ። ኤላ ስትረሳ ከአፏ ግጥም ወጣ። ከኔ የወጣው «እሰይ! እሰይ! የሙሽራው እናት የታሉ?» ነው። አፍ የለመደውን ይናገራል። ድራመሩ የጥንት ቅኔ መስሎት በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም አላረምኩትም።

ሸርሊ ሆርንን ለመምሰል የሞከርኩበትን ባልናገር ይሻላል፤ ግን ጀምሬአለሁ። እሷ ዘፈንን እጅግ አዝግማ ነበር የምትዘፍነው። በሁለት ቃል መሀል ሰው ወጥቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ያንን ክፍት ቦታ ደግሞ ከቤዚስቷ ቻርልስ ኤብልስና ከድራመሯ ስቲቭ ዊልያምስ ጋር ለረጅም ዓመታት አብራ የሠራች ስለሆነች አታፍርበትም። እኔ ባዶ ቦታ አልችልም። ዝምታ ሲመጣ «ኦ» እላለሁ፣ «እህህ» እላለሁ፣ ከዚያ «ያ» እላለሁ። ቀራጩ በኋላ እነዚህን ብቻ ለቅሞ አንድ ላይ ገጥሞ አሰማኝ፤ ታምሞ የተኛ ሰው ነው የሚመስለው። አልበሙ ላይ ካሉት ቃላት የገጣሚዎቹ ይብዛ የኔ እህህታ ይብዛ እስካሁን አከራካሪ ነው።

ያለቀውን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ካሮቱን ረስቼ። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችው። «ይቺ ጋ ደስ ይላል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይቺም ጋ»። ልብ ስል ደስ የሚሏት ቦታዎች እኔ ዝም ያልኩባቸው ናቸው። ሽማግሌው ያሉኝን ነገርኳት፤ ያሽሟጥጡኛል ብዬ አቤቱታ ነበር ያቀረብኩት። ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እኔ በነፃ ስነግርህ የኖርኩትን ከፍለህ ሰማኸው» አለች። «ምን አልሽ?» አልኳት፤ የራሴን ድምፅ እያዳመጥኩ ነበር።

ርዕስ ቸግሮኝ ነበር። ሙዚቀኛው ግርማ በየነ ዋሽንግተን ስንት ዘመን ከኖሩ በኋላ ከፈረንሳዩ ባንድ አካሌ ውቤ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት አልበም «ሚስቴክስ ኦን ፐርፐስ» ይባላል፤ አውቀው የሠሩት ስህተት እንደማለት ነው። ቀናሁ። እኔ ስህተቱ ሞልቶኛል፤ አውቄ የሠራሁት ግን የለም። በመጨረሻ ስሜንና ኮፍያዬን ብቻ ሽፋኑ ላይ አደረግሁ። ሲዲዎቹ በካርቶን መኪናዬ ውስጥ ናቸው። ተሳፋሪ ሲገባ አጫውታለሁ፤ አንዷ ሴትዮ «ቤዝ የምትጫወተው ማነች?» ብላ ስሟን ጽፋ ወርዳለች።

ቀጣዩን ወስኛለሁ፤ «ለሽ ላይፍ»ን ነው የምቀዳው። ቢሊ ስትሬይሆርን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው መጻፍ የጀመረው፣ ዜማው መያዣ መጨበጫ የሌለው ዘፈን ነው። ሲናትራ በ1958 «ኦንሊ ዘ ሎንሊ» የተባለውን አልበሙን ሲቀዳ ሞክሮት፣ መሀል ላይ አቁሞ፣ እስከ መጨረሻው ተወው። ባለቤቴ «እሱ የተወውን አንተ?» አለችኝ፤ ይቺን ሰምቻታለሁ። ነገሩ ግልጽ ነው። ሲናትራ ያቆመው ሲሳሳት ራሱን ስለሰማ ነው። እኔ በዚያ በኩል ችግር የለብኝም። ስቱዲዮውን ለመስከረም ይዣለሁ፤ ቀብድም ከፍያለሁ።